ንጹሕ ሽጉጥ ፍለጋ

ሽጉጥ የገዛሁት ሕሊናዬን አማክሬ ነው ብዬ ብነግራችሁ ሳትስቁብኝ አትቀሩም። ሳቁ፤ አልቀየምም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሽጉጥ ፋብሪካዎችን ታሪክ ሳገላብጥ፣ የትኛው ኩባንያ ሐቀኛ የትኛው ቀጣፊ እንደሆነ ሳጣራ፣ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነጥብ ስሰጥ የከረምኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በሙሉ አፌ ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አሁን የምጽፈው እንደኔ የጨነቀው ሌላ ሰው ያነበው እንደሆነ ብዬ ነው።

ስሜ አስራት ነው። የምንኖረው ከሲያትል በስተሰሜን ማውንትሌክ ቴራስ ሲሆን የምሠራው ኤቨረት ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ በሚያመርት አነስ ያለ ኩባንያ ነው። ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሌሎች የሚልኩልንን ብሎንና ማጠፊያ እለካለሁ፤ ከዚያም በላይ ላኪውን ራሱን እመረምራለሁ። ጉድለት ሲያገኝ ይናገራል ወይስ ይደብቃል? የሠራተኞቹን አቤቱታ ይሰማል? በመግቢያችን ግድግዳ ላይ የኩባንያችን እሴቶች በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል፤ አንደኛው «ያላየኸውን አትፈርምበት» ይላል። ሌላው ሠራተኛ ሳያነበው ያልፋል፤ እኔ ግን አምንበታለሁ። ባለቤቴ ሮማን ቲማቲም ስገዛ እንኳ የገበሬውን ጠባይ እንደምጠይቅ እየተናገረች ታሾፍብኛለች።

ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ እኔ ኦቨርታይም ገብቼ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች የጓሯችንን የመስታወት በር ሰብረው ገቡ። ሮማንና የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ብሌን ቤት ነበሩ። ሮማን ልጅቷን ጎትታ ፎቅ ላይ ወጣችና በብሌን ክፍል የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደበቁ። ሰዎቹ የሮማንን የሠርግ ወርቅ ወሰዱ፤ ወርቁስ ይሁን። ከመውጣታቸው በፊት ግን አንደኛው የቁም ሳጥኑን በር ከፈተ። የጃኬቱን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ አፉን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ነበር። ብሌንን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «እንገናኛለን» ብሏት በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋው።

ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ አዘነልን፣ ሄደ። እኔም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ በሩን አስቀየርኩ፣ የጓሮውን መብራት አጠነከርኩ፣ ካሜራ ሰቀልኩ። በአሥረኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ካሜራው ከነገመዱ ተነቅሎ የለም። ሌላ የተነካ ነገር አልነበረም። ጓሮው ውስጥ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጥኩ።

ብሌን ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አልጋዋ ላይ አትተኛም ነበር። ብርድ ልብሷን ይዛ ያው ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባና በሩን ከውስጥ ጨብጣ ታድራለች። ምን ላድርግልሽ ስላት መልሷ «አይ አም ፋይን ዳድ» ብቻ ነው። በሩን ስከፍተው እንዳትደነግጥ ከውጭ ሆኜ ስሟን ሦስት ጊዜ መጥራት ለመድኩ። የገዛ ልጃችሁን በእንጨት በር በኩል የምታናግሩ አባት ስትሆኑ የሚሰማችሁ ውርደት ነው። ሌላ ስም የለውም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ፣ ለፋሲካ በግ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው፣ ሽጉጥ አማረኝ።

ለሮማን ስነግራት ድምፅዋን አላነሳችም። «ሶ ሰው ልትገድል ነው? እሺ ግደል። ከዚያ ብሌን ደም በፈሰሰበት ደረጃ ላይ እየወጣች ትተኛለች?» አለችኝ። ገና እያየሁ ነው፣ ምንም አልወሰንኩም አልኳት።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ተፈሪ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈች ሊሉን መጡ። ጋሼ ተፈሪ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በመኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። እዚህ አካባቢ ያለን ብዙዎቻችን የአባት የእናታችንን ሞት የሰማነው ከእሳቸው አፍ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው ሰው አሰባስበው በማለዳ፣ ዘመድ የሞተበት ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። ስለዚህ ማንም ሰው በሩ ላይ ሲያያቸው ልቡ ድንግጥ ይላል። እሳቸውም ስለሚያውቁት ለተራ ጉዳይ ሲመጡ ቀድመው ይደውሉና ገና ሰላምታ ሳይሰጡ «ለደኅና ነው» ይላሉ። ስለ ሽጉጡ አማከርኳቸው። ሮማን ያልተስማማችበትን ነገር ቤትህ አታስገባ አሉኝ። ጥሩ ምክር ነበር።

ከሥራ ስመለስ መንገዴ ላይ ካለ የመሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ሪክ የሚባል ጢሙ የሸበተ ሻጭ ተቀበለኝ። እንደጠበቅሁት አልነበረም፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ራሱን ሊጎዳ የሚችል፣ የከፋው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ከዚያ ማንን እንደምፈራ ጠየቀኝና የብሌንን ነገር ነገርኩት። አንድ ሽጉጥ ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«በማን ላይ ትተኩሳለህ?» አለኝ።

«በማንም ላይ» አልኩት። «ለማስፈራራት ብቻ ነው።»

ሽጉጡን ከእጄ ወስዶ ወደ ቦታው መለሰው። «በማንም ላይ የማትተኩስ ከሆነ አትግዛ። ሌባው ቀምቶ በአንተው ላይ ይተኩሳል። ቤትህ ሄደህ አስብበትና ትተኩሳለህ ወይስ አትተኩስም የሚለውን መልሰህ ና።»

ጥያቄው ያ ብቻ ነበር። አስቡት፣ ከሱቁ ወጥቼ ቤቴ ስገባ፣ በጥሞና ተቀምጬ ለራሴ ልመልሰው የሚገባኝ አንድ ጥያቄ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ላፕቶፕ ከፍቼ የሽጉጥ ኩባንያዎችን መመርመር ጀመርኩ።

አንደኛው ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚገዛው። ማስታወቂያውን አየሁት፤ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ በመስኮት ታያለች፣ ውጭ ደግሞ ኮፍያ የደፋ ጥቁር ጎረምሳ ቆሟል። ጎረምሳው ቁርጥ የእህቴን ልጅ ይመስላል። እኔን ራሴን በማስፈራሪያነት ለሚያሳይ ኩባንያ ገንዘቤን አልሰጥም ብዬ ዜሮ ሰጠሁት። ሁለተኛው ሲወድቅ ራሱ የሚተኩስ ሞዴል አውጥቶ፣ ጉድለቱን እያወቀ ዝም ብሎ መሸጡን አነበብኩ። ለእኔ ዓይነት ሰው ይህ ይቅር የማይባል ነው፤ እሱንም ሰረዝኩ። ሦስተኛው የአንድ ቤተሰብ ንብረት የሆነ ትንሽ ፋብሪካ ነው። በፍርሃት አያስተዋውቅም። ራሳቸውን ሊያጠፉ ያሰቡ ሰዎችን ለሚረዱ ድርጅቶች ገንዘብ ይሰጣል። የሚሠራው ሽጉጥ ሁሉ ቃታው እንዳይሳብ የሚቆልፍ ማንሻ፣ ሴፍቲ የሚሉት፣ አለው፤ ገበያው አይፈልገውም ሲባል እንኳ አላወልቅም ብሏል። ኢሜይል ጻፍኩላቸውና አንዲት ሴት ረጅም መልስ ሰጠችኝ። «የምንሠራው ነገር ሰው እንደሚገድል እናውቃለን፤ ስለዚህ አንዲት ሰከንድ ማሰቢያ እንጨምርበታለን» ትላለች። ኢሜይሉን ሁለት ጊዜ ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንደዚህ የሚያስብ ላኪ በሥራዬ እንኳ አላገኘሁም።

ለሮማን አሳየኋት። «አስራት፣ የኩባንያው ጨዋነት ምን ያደርግልሃል? ጥይቱን የምትተኩሰው አንተ ነህ» ብላ ስልኬን መለሰችልኝ።

በእነዚያ ሳምንታት እህቴ አስካለ ከአዳማ ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች በኋላ አጥባ አብልታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሁለተኛው ጊዜ የዚያችን ሴት ኢሜይል እየመለስኩ ነበር። አስኩ፣ ነገ ልደውልልሽ አልኳት። እሺ የኔ ጌታ፣ ትንሽ አሞኝ ነው እንጂ ደኅና ነኝ አለችኝ። በነጋታው አልደወልኩም።

ወደ ሪክ ተመልሼ ሄድኩ። የመረጥኩትን ሲሰማ ጢሙን አሸት አሸት አደረገና ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ለአንተ አይሆንም አለኝ። በሚያስፈራ ሰዓት ጣትህ ያንን ማንሻ አያስታውሰውም፣ ቃታውን ትስባለህ፣ አይሳብም፣ ትሞታለህ ሲል በቀጥታ ነገረኝ። ለኩባንያው እሴት ስል የምገዛው ይህንኑ ነው አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

«ያንን ጥያቄስ መለስከው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። አልመለስኩትም ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ የሥልጠና ወረቀት ይጠየቃል፣ ከዚያም አሥር የሥራ ቀን ይጠበቃል። ወረቀቱን አቀረብኩ፣ ቀኑን ቆጠርኩ። ሕጉ የሰጠኝን የማሰቢያ ጊዜ ደግሞ የጣት አሻራ ያለው ሳጥን በመምረጥ ጨረስኩት።

ሐሙስ ዕለት ሽጉጡን ተቀበልኩ። ለሮማን አልነገርኳትም። ጥይት አጉርሼ፣ ሴፍቲውን ቆልፌ፣ በአሻራዬ ብቻ የሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ከልብሶቼ በላይ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ቁርስ ከበላን በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

ዓርብ ማታ ሮማን ሌላ ሰው ሆነችብኝ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ ጥብስ ሠርታ ጠበቀችኝ። ብላ፣ ጨምር፣ ይህችን ብቻ እያለች ታጎርሰኝ ጀመር። ፊቴን ታየኛለች፣ ሳያት ወደ ሌላ ትዞራለች። ሳጥኑን አገኘችው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ልትቆጣኝ ነው እያልኩ ስጠብቅ ግንባሬን ሳመችኝ። ስልኬን ቻርጅ ላድርግልህ ብላ ወሰደችው። እኔም ጥፋተኛ ነኝና ምንም ሳልጠይቅ ተኛሁ። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ፣ እኔ የደበቅሁትን ታቅፌ፣ እሷ የደበቀችውን ታቅፋ አደርን።

የነቃሁት በመኪና በር ድምፅ ነው። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፤ ቀጭን ዝናብ ይዘንባል። እጄን ብዘረጋ ሮማን የለችም። አንሶላው ቀዝቅዟል። ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ከመንገዱ ጥግ፣ ከቤታችን ራቅ ብለው፣ ሦስት መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ቆመዋል። አምስት ሰዎች ጥቁር የዝናብ ጃኬት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ እየተከታተሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ። ከፊት ያለው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ቀስ በሉ የሚል ምልክት ሰጣቸው።

«እንገናኛለን።» ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ፖሊስ ለመጥራት 911 ልደውል ስልኬን ፈለግሁ። ትራስ ሥር የለም። ኮመዲኖው ላይ የለም። ወለሉን በእጄ ዳበስኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ስልኬን ባገኘው ኖሮ ሳጥኑን አልነካውም ነበር። ጣቴን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ። እርጥብ ስለነበር አልከፈት አለኝ። በቲሸርቴ ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ፤ ተከፈተ።

ደረጃው ጫፍ ላይ ስደርስ ከታች የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። አልሰበሩትም። ከውስጥ ተከፈተላቸው። ሮማንን ይዘዋታል፣ እያስገደዱ አስከፈቷት አልኩ። የብሌን ክፍል ከኋላዬ ነው። ሊያልፉ የሚችሉት በእኔ በኩል ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተና የመጀመሪያው ሰው ገባ። ኮፍያው ፊቱን ሸፍኖታል። አንድ እጁ የሮማን ትከሻ ላይ ነው። ሮማን አፏን በመዳፏ አፍና ታለቅሳለች።

ደረቱ ላይ አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩት።

አልተሳበም። ከብረት ጋር እንደ መታገል ነበር። ምንም ድምፅ አልወጣውም።

ከዚያ ከኋላዬ የብሌን ድምፅ መጣ። ከቁም ሳጥኗ ወጥታ አጠገቤ ቆማለች። «ዳድ! ዳድ፣ ኢትስ ጋሼ!»

ሰውየው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገለጠው። የጋሼ ተፈሪ ራሰ በራ በዝናብ ረጥቧል። ከኋላቸው ያሉት ሰዎች የእድራችን ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የክርስትና ልጄ አባት ነው። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል።

«አስራት» አሉ ጋሼ ተፈሪ፣ በዝግታ። «አስቀምጠው ልጄ።»

ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ነው ማንሻውን ያየሁት። ሐሙስ ዕለት ቆልፌው እንደነበር፣ ሳልነካው፣ እንደተቆለፈ ነው። ሪክ እንዳለው ጣቴ አላስታወሰውም።

ጋሼ ተፈሪ ሽጉጡን አለፍ ብለው ደረጃውን ወጡ። ክንዴን ይዘው አወረዱኝ፣ ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰው ለምን በማለዳ እንደሚመጣ፣ ሚስቴ ለምን እንዳጎረሰችኝ፣ ስልኬ ለምን እንደተወሰደ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ፌስቡክ ላይ ቀድሜ እንዳላየው ነው የደበቀችው። ማን ነው አልኳቸው።

«አስካለ ናት» አሉ። «ትናንት አረፈች። አይዞህ።»

ጮህኩ፣ ወለሉ ላይ ወደቅሁ፣ ያዙኝ። መኪና ውስጥ የቆዩት ሴቶች ወርደው ገቡ፣ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ሁሉም የማለቅሰው ለእህቴ መስሏቸዋል። ለእሷም ነበር። ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ መተንፈሻ ያሳጣኝ ሌላ ነገር ነው። የቀኝ እጄን ጣት መዳፌ ውስጥ ቀብሬ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በግራ እጄ ጨበጥኩ።

በለቅሶው ላይ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። አስራት መሣሪያ ይዞ ነበር እኮ፣ ግን ልቡ ጠረጠረ፣ ዝም ብሎ አልተኮሰም፣ እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው ይላሉ። አንዷ ሴትዮ እግዜር እጁን ያዘው ስትል እኔ ፊት አማተበች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሐዘኑ ነው አለ።

በአራተኛው ቀን ሮማን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን አገኘችኝ። ስለ ሽጉጡ መደበቅ አልጠየቀችኝም። «ልትተኩስ ነበር?» አለችኝ።

«አይ፣ አወቅኋቸው» አልኳት።

ሽጉጡን ለሪክ መለስኩለት። ጉድለት አገኘህበት ወይ አለኝ። የለበትም፣ እንደተባለው ይሠራል አልኩት። ለዚያች የኩባንያ ሴት ደግሞ ኢሜይል ልጽፍላት ጀምሬ ተውኩት። ምን ብዬ ልጽፍ? እኔ ያጣሁትን ሕሊና ብረት ላይ ገጥማችሁ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ ልበል? ያቺ የጨመሯት ሰከንድ የሰው ነፍስ አተረፈች፤ እውነት ነው። እኔ ግን አላሰብኩባትም። ሴፍቲው ተቆልፎ ስለነበር ብቻ ነው ሰው ያልገደልኩት።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት በራችሁ ተሰብሮ፣ ልጃችሁ ፈርታባችሁ የተቀመጣችሁ፣ ግዙ ወይም አትግዙ ልላችሁ አፍ የለኝም። የፈራ ሰውን መናቅ አልችልም። የምነግራችሁ የእኔን ስሕተት ብቻ ነው። ትተኩሳለህ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ጨዋነት መልስ ፈለግሁ። የሻጩን፣ የሠሪውን፣ የማስታወቂያውን ነፍስ መርምሬ ነጥብ ሰጠሁ፤ የራሴን ሳላያት ፈረምኩባት። ሦስት ሳምንት ለኩባንያዎች ስሰጥ ለእህቴ አምስት ደቂቃ አጣሁ።

ሌቦቹ አልተያዙም። ብሌን ግን በለቅሶው ሰሞን ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጥፎ ከሚያድሩት ሴቶች መካከል ገብታ ተኛች፤ ከቁም ሳጥን ውጭ ስትተኛ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሮማንና እኔ በየተራ ክፍሏ ወለል ላይ እናድራለን። አንዳንድ ቀን አሁንም ትገባበታለች።

የአስካለ አርባ በወጣ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ሲበተን፣ ጋሼ ተፈሪን ወደ መኪናቸው ሸኘኋቸው። በሩን ከፍቼላቸው ከተቀመጡ በኋላ መዝጋት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ቃታውን ስቤው ነበር» አልኳቸው። «ማንሻው ተቆልፎ ነው እንጂ ገድዬዎት ነበር።»

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አይቻለሁ» አሉ። «ጣትህን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መርዶ ይዤ ነበራ የመጣሁት። ለሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ሞት አይነገረውም።» መነጽራቸውን መለሱ። «እኔን ተወኝ፤ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ሮማን ግን አልሰማችም። እሷን ማን ያርዳት?»

በማግስቱ ማለዳ፣ ሮማን ሥራ ሳትወጣ፣ ቁርስ አቅርቤ እስክትበላ ጠበቅሁ። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት። ገና ተቀመጪ ስላት ማን ሞተ ብላ ደረቷን ያዘች። ማንም አልሞተም አልኳትና ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ስንት ጊዜ ሳብከው?» አለችኝ።

ለእናንተም ከላይ አንድ ጊዜ አስመስዬ ነው የጻፍኩት።

«ሁለት ጊዜ» አልኳት። «በሁለተኛው አንቺ ከፊታቸው ቆመሽ ነበር።»

ተነሥታ ብሌን እንዳትሰማ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።